አሮጌ የቲዩብ አምፕሊፋየር ስሸጥ የያዝኩት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ዛሬ የአማተር ሬዲዮ አምፕሊፋየሬን ከቤዝመንቱ መደርደሪያ አወረድኩት። አማተር ሬዲዮ በትርፍ ጊዜ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር በሬዲዮ መነጋገር ነው። ሂዝኪት የተባለ ኩባንያ የሠራው ኤስቢ-220 ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በኪት ይሸጥ የነበረ፣ ገዢው ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሶልደር እያደረገ የሚገጣጥመው ዓይነት። ውስጡ 3-500ዜድ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ የመስታወት ቲዩቦች አሉ። ከሬዲዮ የሚመጣለትን 100 ዋት ተቀብሎ ወደ 1,000 ዋት ያደርሰዋል። ክብደቱ 22 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው የትራንስፎርመሩ ብረት ነው።

የምሸጠው ቤት ስለምንቀይር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ካለንበት ቤት ወደ ታውንሃውስ ልንገባ ነው። እዚያ የነዋሪዎች ማኅበሩ ውጭ የሚታይ አንቴና አይፈቅድም። ጣሪያ ሥር ቀጭን ሽቦ ዘርግቼ በ100 ዋት መሥራቴን እቀጥላለሁ። ከልጆቼ መኝታ በላይ ግን 1,000 ዋት አልለቅም። ስለዚህ ይሸጣል።

የገዛሁት በ2011 በ450 ዶላር ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ አማተር ነበሩ የሸጡልኝ። በዚህ ዕቃ ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ያለውን የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ መጀመሪያ ያገኘሁት በዚህ አምፕሊፋየር ነው። ድምፁ በጫጫታው ውስጥ ሲወጣ እጄ ተንቀጥቅጦ ሰዓቱን ሎጉ (የግንኙነት መዝገቡ) ላይ መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ለማንም ዝም ብዬ የማስረክበው ዕቃ አይደለም።

ካበራሁት አራት ዓመት አልፏል። እንዳለ ልሽጠው ወይስ ሠርቼ ልሽጠው? «አልተሞከረም፣ እንዳለ ነው የሚሸጠው» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ዋጋው ይወርዳል፣ ሻጩ ግን ከጥያቄ ይድናል። እኔን አልተዋጠልኝም። ውስጡ 3,000 ቮልት አለ። ስለዚህ ለራሴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ገዢውን ሊገድል ወይም ሬዲዮውን ሊያቃጥል የሚችለውን ሁሉ እሠራለሁ። ያረጀ ብቻ የሆነውን እተወዋለሁ፣ ግን አንድ በአንድ እናገራለሁ።

1ኛ ሳምንት፣ እሑድ

ዛሬ ኤሌክትሪክ የለም፤ ማጽዳት ብቻ። በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም ክሊነር አቧራውን አነሳሁ። የማራገቢያው ሞተር በእጅ ሲዞር ከበድ ይላል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ሰጠሁት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጣቴን ነካ ሳደርገው ብቻውን መዞር ጀመረ። ይህ ማራገቢያ ከቆመ ቲዩቦቹም አብረው ስለሚያልቁ ቀላል ነገር አይደለም።

ቲዩቦቹን አወጣሁ። በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። መጠምዘዝ የለም፤ እግሮቹ ይነቃነቃሉ። በመልቲሜትር በውስጣቸው ባሉት በግሪድና በፊላመንት (በሚግለው ሽቦ) መካከል ሾርት አለመኖሩን አየሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው። በፎጣ ጠቅልዬ ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ሌላው ያየሁት የትራንስፎርመሩን ግንኙነት ነው። ይህ ሞዴል በ120ም በ240ም ቮልት ይሠራል። ልዩነቱ ሁለቱ የመግቢያ ጥቅልሎች የሚያያዙበት መንገድ ላይ ነው። የኔ ለ240 ነው የታሰረው። ይህንን በትልቁ ጻፍኩት፤ ለ120 የታሰረውን አንድ ሰው 240 ላይ ቢሰካው ውስጡ ያለው ሁሉ እጥፍ ቮልት ይደርሰዋል። ስፒናውን ብቻ አይቶ መገመት አያስተማምንም። ስፒና ማንም ይቀይራል።

ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ አሁንም አለ። ሂዝኪት በየእርምጃው ፊት ትንሽ ሣጥን ያትም ነበር፤ ገጣጣሚው እየሠራ ምልክት እንዲያደርግ። መጀመሪያ የገጠመው ሰው በእርሳስ ሁሉንም ምልክት አድርጓቸዋል። አንድም አልዘለለም። ለገዢው አብሮ ይሄዳል።

2ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ማታ

ዛሬ ተሳሳትኩ። ዝርዝሩን መጻፍ አለብኝ።

አራት ዓመት የተኛ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሙሉ ቮልት አይሰጠውም። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቀስ ብለው መንቃት አለባቸው። ቫሪያክ አለኝ፤ ቮልቴጅን ከዜሮ ጀምሮ በእጅ እያዞሩ ከፍ የሚያደርጉበት ትራንስፎርመር ነው። የሚሰጠው ግን እስከ 120 ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ ለ240 ስለታሰረ በዚህ የሚያገኘው ግማሽ ቮልት ይሆናል። ለመጀመሪያ ቀን ግማሽ በጣም ጥሩ ነው ብዬ፣ ቲዩቦቹ ወጥተው እያለ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግኩት። የቮልቴጁ መርፌ 1,500 ላይ ደርሳ ቆመች። ደስ አለኝ።

አጠፋሁት። መርፌዋ በጥቂት ሰከንድ ወደ 400 ወረደች። እዚያው ቆመች።

«ሜትሩ አርጅቶ ተጣብቋል» አልኩ። መስታወቱን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። አልተነቃነቀችም። ስፒናውን ነቅዬ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ።

ክዳኑን ሳነሳው ጧ! አለ። ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። ይህ ሞዴል ክዳኑ ሲነሳ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ጋር የሚያገናኝ የደህንነት ማብሪያ አለው። ያ ነው የጮኸው። ባዶ የሆነ ነገር አይጮኽም። መርፌዋ እውነቷን ነበር።

እጄን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ የማራገፊያ ዱላዬን አመጣሁ። የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ የብረት ሜንጦ ያለው፣ ከሜንጦው ወፍራም ሽቦ ወደ ሻሲው የሚሄድ ነው። ቀድሞ መያዝ ነበረብኝ። ስምንቱ ካፓሲተሮች ላይ ተራ በተራ መልቲሜትር ስይዝ አንደኛው 160 ቮልት አሳየኝ። እያየሁት ይወርዳል። ክዳኑ ከተነሳ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ጋሼ የምላቸው ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ሳሉ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፤ የቲዩብ ዘመንን ያውቁታል።

«አንተ ልጅ፣ መርፌዋ 400 ብላ ስትነግርህ ለምን አልሰማሃትም?» አሉኝ።

«ተጣብቃለች ብዬ ነው ጋሼ።»

«ለምን ትላለህ? ገና ሳትለካ! ነገ እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትነካው። ስትነካውም አንደኛውን እጅህን ኪስህ ክተት። በሁለት እጅ ከነካኸው መንገዱ በልብህ በኩል ነው።»

2ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ጋሼ መነጽራቸውን ይዘው መጡ። ነገሩ ግልጽ ሆነ።

ስምንት ካፓሲተሮች በተከታታይ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ 200 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት የሚችል ነው። 3,000 ቮልት ለስምንት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 375 ይደርሰዋል። እኩል እንዲካፈል የሚያደርገው በየካፓሲተሩ ጎን ያለው 30 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ብሊደር ይሉታል። ሥራው ሁለት ነው፤ ሲበራ ያካፍላል፣ ሲጠፋ ያራግፋል። ከስምንቱ አንዱ በሙቀት ተሰንጥቆ ተቋርጧል። ስለዚህ ያ ካፓሲተር የሌሎቹንም ድርሻ መጫን ጀመረ፤ ሲጠፋ ደግሞ የሚራገፍበት መንገድ አጣ። ሰባቱ ባዶ ሆኑ፣ እሱ እንደተሞላ ቀረ። መርፌዋ ያሳየችኝ እሱን ነው።

የክዳኑ ማብሪያም ወዲያው አያድንም። እሱ የሚያገናኘው የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ ነው። መሃል ላይ ያለ አንድ የተሞላ ካፓሲተር የተወሰነውን ብቻ ይተፋል፤ የቀረው በሌሎቹ ሬዚስተሮች በኩል ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ይህን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ሙሉ ቮልት ሰጥቼው ቢሆን ደግሞ ያ ካፓሲተር ከ450 በላይ ተጭኖ ሊፈነዳ ይችል ነበር። አናቱ አሁንም ትንሽ አብጧል፤ ሥሩ ላይ ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ወጥቷል።

«እንዳለ» ብዬ ሸጬው ቢሆንስ? ገዢው ወስዶ 240 ላይ ይሰካዋል። መርፌዋ ተጣብቃለች ይላል፣ ልክ እንደኔ። እጁን ያስገባል። ሌሊቱን ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት።

3ኛ ሳምንት

ስምንቱም ይቀየራሉ። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌሎቹን የአርባ ምናምን ዓመት ሽማግሌዎች መተው ትርጉም የለውም። ለዚህ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ቦርድ ከነካፓሲተሩና ከነሬዚስተሩ በ165 ዶላር አዘዝኩ። ለየብቻ ብገዛው ወደ 110 ይወርድ ነበር። ግን ቦርዱ በአሮጌው ቦታ ልክ ይገባል፣ ብሎኖቹም ይገጥማሉ። ለሚሸጥ ዕቃ ንጹሕ ሥራ ይሻላል።

አዲሶቹ 220 ማይክሮፋራድ ናቸው። ሬዚስተሮቹ 100 ኪሎ ኦም። ለውጡ ሁለት መልክ አለው። አሮጌዎቹ ሬዚስተሮች አንድ ላይ 37 ዋት ያህል በሙቀት ይበሉ ነበር። አዲሶቹ 11 ዋት ብቻ። ያ ሙቀት ነበር አጠገባቸው ያሉትን ካፓሲተሮች የሚያደርቃቸው። በሌላ በኩል አሁን ለመራገፍ የሚወስደው ጊዜ ረዝሟል። በፊት ጤነኛ ሳለ በግማሽ ደቂቃ ዜሮ ይገባ የነበረው አሁን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈልጋል። ይህንን ገዢው ማወቅ አለበት። አሮጌውን ልማድ ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ ሊከፍት ይችላል።

ሶልደሩ ሁለት ማታ ፈጀ። ዋልታዎቹን ጋሼና እኔ ተራ በተራ አየናቸው። አንድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ተገልብጦ ከገባ ቤዝመንቱን በጭስ ይሞላዋል።

ቅዳሜ እንደገና በቫሪያክ ከፍ አደረግኩ። መርፌዋ ዜሮ። ሙሉ አዞርኩት፤ አሁንም ዜሮ። «ዳዮዶቹን አቃጠልናቸው» አልኩ። ክዳኑን ልከፍት እጄን ሰደድኩና ቆምኩ። ባለፈው መርፌዋ አለ ስትለኝ የለም ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የለም ስትለኝ ማመን የለብኝም። ስፒናውን ነቅዬ፣ ክፍሉን ቆልፌ፣ ተኛሁ።

ጠዋት በዱላው ነካክቼ ስከፍት ምክንያቱ ተገኘ። ወደ ሜትሩ የምትሄደዋን ቀጭን ሽቦ ቦርዱ ላይ መልሼ አልሶልደርኳትም። ሜትሯ አታይም ነበር እንጂ ቮልቱስ ነበረ። ሽቦዋን መለስኩ። ደገምኩት። 1,500። አጠፋሁ። መርፌዋ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች፣ ዜሮ ገባች። የትም አልቆመችም። ጋሼ አጨበጨቡ።

ከዚያ ሙሉ 240 ሰጠነው፣ አሁንም ያለ ቲዩብ። ማብሪያው በኤስኤስቢ (የድምፅ) ቦታ ሲሆን 3,050፣ በሲደብሊው (የሞርስ) ቦታ 2,400። በስልኬ ሰዓት ይዤ አጠፋሁ። ዜሮ ለመግባት 1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ።

ወጪ እስካሁን፦ ቦርዱ 165፣ ዘይትና ሶልደር ወደ 12። ለጋሼ ሁለት ኪሎ ቡና፤ ገንዘብ አልቀበልም ብለው።

4ኛ ሳምንት

ቲዩቦቹ። 3-500ዜድ ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ ሲቀመጥ ውስጡ ጥቂት ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል። በዚያ ሁኔታ 3,000 ቮልት ቢሰጠው በውስጡ ብልጭታ ይዘላል። መድኃኒቱ ፊላመንቱን ብቻ ለረጅም ሰዓት ማሞቅ ነው። ችግሩ ኤስቢ-220 ላይ ፊላመንቱም ከፍተኛው ቮልቴጅም በአንድ ማብሪያ ነው የሚነሱት። ስለዚህ የትልቁን ትራንስፎርመር መግቢያ ሽቦዎች ፈትቼ ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ፊላመንትና ማራገቢያ ብቻ ቀሩ።

እያንዳንዱ ቲዩብ 5 ቮልት ላይ 14.6 አምፔር ይስባል። ሃያ አራት ሰዓት አበራሁት። ብርሃናቸው ደማቅ ነው፤ ክፍሉን እንደ መብራት ያበራል። ልጄ ወርዳ «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጭ ብለን አየነው። የሬዲዮ አምፕሊፋየር መልኩን የሚያሳየው እንደዚህ ጊዜ ነው።

ሽቦዎቹን መለስኩ። ከኋላ ደሚ ሎድ አያያዝኩ፤ ዘይት የተሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያለ 50 ኦም ሬዚስተር ነው። ኃይሉ ሁሉ አየር ላይ ሳይወጣ እዚያ በሙቀት ይቀራል። በአጭር በአጭሩ ነው የምሞክረው፤ አሥር ሰከንድ ሰጥቶ ማረፍ።

80 ሜትር በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ባንድ ላይ 1,000 ዋት። 40 ሜትር ላይ 1,050። 20 ሜትር ላይ 980። 15 ሜትር ላይ 860። 10 ሜትር ላይ 690 ብቻ። ሜትሩ ሲያንስ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ስለሚል መውረዱ የሚጠበቅ ነው፤ ግን ቁጥሩን እንዳለ እጽፈዋለሁ። ብዙ ሻጭ የ40 ሜትሩን ቁጥር ብቻ ነው የሚያወጣው።

አምፕሊፋየሩን ለባንዱ ሳስተካክለው የቲዩቦቹ አኖድ (ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚቀበለው ክፍል) ደብዛዛ ቀይ ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ቲዩብ ጤናማ ነው፤ እንዲያውም ያ ሙቀት የቀረውን ጋዝ ይውጣል። የግራው ግን ከቀኙ ትንሽ ቀላ ይላል። ሥራ እኩል አልተካፈሉም ማለት ነው። አይጎዳም፤ ግን ፎቶ አነሳሁት። ጥንድ አዲስ ቲዩብ ከ400 ዶላር በላይ ስለሆነ ገዢው የሚገምተው ይህንን አይቶ ነው።

5ኛ ሳምንት

የመጨረሻው መሠራት ያለበት ነገር ከኋላ ያለችው ትንሽ ሶኬት ናት። ሬዲዮው «አሁን እየላክሁ ነው» ብሎ አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳው በእሷ በኩል ነው። ክፍት ሆና ስለካት 118 ቮልት ዲሲ። በ1970ዎቹ ሬዲዮዎች ውስጥ ጠንካራ ሪሌይ ስለነበረ ችግር አልነበረም። የዛሬ ሬዲዮዎች በዚያ ቦታ ያላቸው ትንሽ ትራንዚስተር ወይም ጥቃቅን ሪሌይ ነው። 118 ቮልት በአንድ ጊዜ ያቃጥላቸዋል። አዲስ ሬዲዮ ገዝቶ ከዚህ ጋር በቀጥታ ያያዘ ሰው የሬዲዮውን ቦርድ ያጣል።

ለዚህ ሶፍት ኪይ የምትባል ሁለት ጣት የማታህል ቦርድ አለች። ትልቁን ቮልት እሷ ትይዛለች፤ ወደ ሬዲዮ የሚሄደው ጥቂት ቮልትና ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። 38 ዶላር። ለመግጠም አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ስለካት 5 ቮልት አልሞላም።

ያልሠራሁትን እዚህ እመዘግባለሁ። ሲበራ የሚስበውን የመጀመሪያ ጅረት የሚያለዝብ ሶፍት ስታርት አልገጠምኩም። ፊት ለፊቱ ላይ ያለውን ጭረት አልቀባሁም። የባንድ መቀየሪያው አንደኛው ንክኪ ጥቁር ምልክት አለው፤ ይሠራል፣ አልነካሁትም። እነዚህ ሰው አይገድሉም።

ሐሙስ ማስታወቂያውን አወጣሁ። ዋጋ 750። ከፍ ያደረግኩት ለመከራከሪያ ቦታ እንዲኖር ነው። አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ከነጭረቱ፣ ከነቀዩ ቲዩብ። የየባንዱ ዋት። የተቀየረውና ያልተቀየረው። «240 ቮልት ላይ የታሰረ» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ባለቤቴ አንብባው «ጉድለቱን ብቻ ነው እንዴ የጻፍከው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንደሚሠራም ጨመርኩበት።

6ኛ ሳምንት

መልእክት ጎርፏል።

የመጀመሪያው ሰው ሳያየው፣ ሳይጠይቅ፣ በሙሉ ዋጋ እገዛለሁ አለ። ቼክ በፖስታ ይልካል፣ ትርፍ 300 ዶላር ጨምሮ፤ ትርፉን ዕቃውን ለሚወስድለት ሹፌር እንድሰጥለት። ይህ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ቼኩ ባንክ ገብቶ የገባ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ውሸት ሆኖ ይመለሳል፤ ለሹፌሩ የሰጠኸው ግን የራስህ ገንዘብ ነው። ስለ ቮልቴጁ አንድም ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ኤስቢ-220 ገዢ አይደለም። አልመለስኩለትም።

ሁለተኛው «11 ሜትር ላይ ይሠራል?» አለኝ። ያ ማንም ያለ ፈቃድ የሚያወራበት የሲቢ ባንድ ነው፤ ሕጉ እዚያ በኤኤም 4 ዋት ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ አምፕሊፋየር ጭራሽ ክልክል ነው። በ1978 የአሜሪካ ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን በ10 ሜትር የሚሠሩ አዳዲስ አምፕሊፋየሮች እንዳይሸጡ የከለከለው በዚሁ ጣጣ፣ ሰዎች ለሲቢ ስለተጠቀሙባቸው ነበር። አማተሩ ሁሉ ለዓመታት ተቀጣ። አይሆንም አልኩት።

ሦስተኛው እውነተኛ ገዢ ነው፤ ግን ቴክሳስ ነው ያለው። በደንብ ጠየቀ፣ በደንብ መለስኩ። ማጓጓዣውን ሳሰላ ሦስት ሣጥን ይሆናል። ቲዩቦቹ ለብቻቸው በወፍራም ስፖንጅ። ትራንስፎርመሩ ተፈትቶ ለብቻው፤ አብሮ ከሄደ በመንገድ ሲወድቅ ሻሲውን ያጣምመዋል። ሻሲው በሣጥን ውስጥ ሣጥን። ከነመድኑ 160 ዶላር ገደማ መጣልኝ። ሰውየው ይስማማ ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ትራንስፎርመሩን መልሶ የሚገጥመው እሱ ነው፣ እኔ ሳላየው። ያንን የ120 እና የ240 አስተሳሰር በስልክ ማስረዳት አልፈለግኩም። መጥቶ ለሚወስድ ብቻ እንደሚሸጥ ጻፍኩለት። አልተቀየመኝም።

አራተኛው የደወሉት ከፔንስልቬንያ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁት «ካጠፋኸው በኋላ ዜሮ ለመግባት ምን ያህል ይፈጃል?» የሚል ነው። ቁጥሩን ነገርኳቸው። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ።

7ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። እሷ ነድታ ሁለት ሰዓት። ቡና አፍልተን ጠጡ። ወጣትነታቸው ዘመን እንደዚሁ ዓይነት አምፕሊፋየር ራሳቸው ገጥመው እንደነበር፣ ሥራ ሲያጡ እንደሸጡት ነገሩኝ። መመሪያ መጽሐፉን ስሰጣቸው የእርሳስ ምልክቶቹን እየገለጡ ረጅም ጊዜ አዩ።

ደሚ ሎድ ላይ አሳየኋቸው። 40፣ 20፣ 10 ሜትር። ቁጥሮቹ ካስታወቅሁት ጋር ተቀራረቡ፤ 10 ሜትር ላይ 670 መጣ፣ 20 ዋት አንሶ። እሱንም አስመዘገብኳቸው። ከዚያ አጥፍተን አራት ሆነን መርፌዋን አየን፤ እሳቸው፣ የልጅ ልጃቸው፣ ልጄና እኔ። ማንም አላወራም። ዜሮ ገባች። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ስፒናውን ነቀልኩ፣ ክዳኑን አነሳሁ፣ ዱላውን አገናኘሁ። ምንም ድምፅ የለም። የተሰነጠቀችውን አሮጌ ሬዚስተርና ያበጠውን ካፓሲተር በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ሰጠኋቸው፤ የሆነውንም ነገርኳቸው፣ መስታወቱን በጣቴ መታ መታ ማድረጌን ጭምር። ሰውየው የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ሬዚስተሯን አሳዩአት።

አንድ ችግር ወጣ። ቤታቸው ሬዲዮው ያለበት ክፍል 120 ብቻ ነው። ለ120 እንድቀይርላቸው ጠየቁኝ። ይቻላል፤ ግን ሙሉ ኃይል ላይ የቤቱ መስመር ይወድቃል፣ መብራቱ ይርገበገባል፣ ፊውዝ ይመታል። ተነጋግረን እንዳለ እንዲቆይ ተስማማን። እሳቸው ኤሌክትሪሻን አስጠርተው የ240 መስመር ሊያስገቡ። እስከዚያ አይበራም። ስፒናው ላይ «240 ብቻ» ብዬ በቢጫ ናስትሮ ጠቀለልኩት። ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ «ካጠፉ በኋላ መርፌዋ ዜሮ ትግባ፤ ከዚያ 5 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፣ በእንግሊዝኛ።

ለጭረቱና ለባንድ መቀየሪያው 50 ቀንሱልኝ አሉ። ተገቢ ነው። 700 ዶላር፣ በጥሬው።

ሒሳቡ፦ በ2011 የተገዛበት 450። ቦርድ 165፣ ሶፍት ኪይ 38፣ ልዩ ልዩ 12። በድምሩ 665። ቡናው አልተቆጠረም፣ ስድስት ሳምንቱም አልተቆጠረም። እንዳለ ብሸጠው 350 ወይ 400 ይወጣው ነበር።

ቲዩቦቹን አውጥቼ በየፎጣቸው መኪናው የኋላ ወንበር ላይ፣ በቀበቶ አስሬ አስቀመጥኩ። አምፕሊፋየሩን እኔና የልጅ ልጃቸው ተሸከምነው። ፎጣዎቹን መልሱልኝ አላልኩም።

10ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

የ240 መስመሩ ገብቶላቸዋል። ዛሬ ማታ ሁለት ፎቶ ላኩልኝ። አንዱ ላይ መርፌዋ 3,000 ላይ ናት። ሁለተኛው ላይ ዜሮ ላይ ናት፤ አጠገቧ የልጅ ልጃቸው እጅ ስልክ ይዞ ይታያል፣ ሰዓት መቁጠሪያው 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ላይ ቆሟል። ከሥሩ የጻፉት አንድ ጥያቄ ነው፤ የማራገቢያው ዘይት ምን ዓይነት ነበር? የብልቃጡን ፎቶ ላክሁላቸው።